የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስታቲስቲክስ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዚህ እትም ከደሴ፣ ከተሁለደሬ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ የደረሱንን አምስት ደብዳቤዎች በአንድነት ይዘን ቀርበናል። ጸሐፊዎቹ የማይተዋወቁ ቢሆኑም ሁሉም የሚጠይቁት በየዕለቱ በሬዲዮ፣ በስብሰባና በትምህርት ቤት ስለምንሰማው ስለ ስታቲስቲክስ ነው፤ ስለዚህ መልሶቹን እርስ በርስ እንዲደጋገፉ አድርገን አዘጋጅተናቸዋል። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ በመሆናቸው ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አትመናል።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ቁጥር ያለበትን ነገር ሁሉ ስታቲስቲክስ ይሉታል። አንዱ የእግር ኳስ ውጤትን፣ ሌላው የራሱን የፈተና ነጥብ፣ ሌላዋ ደግሞ በወረዳ ሪፖርት ያየችውን መቶኛ በዚሁ ስም ትጠራዋለች። የሂሳብ መምህር የሆነው ባልደረባዬ በበኩሉ ‹ስታቲስቲክስ የትምህርት ዓይነት እንጂ ቁጥር አይደለም› እያለ ይሞግተኛል። ቃሉ በትክክል ምን ማለት ነው? አጠቃቀሙስ?»

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ባልደረባዎ የሚሉትም ተማሪዎችዎ የሚሉትም ከፊል እውነት አለው። ስታቲስቲክስ በአንድ በኩል መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንደሚደራጅና እንደሚተነተን፣ ከእርሱም ተነስቶ ምን ያህል ርቆ መደምደም እንደሚቻል የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ ነው። በሌላ በኩል ይኸው ዘርፍ የሚያወጣቸው አኃዞች ራሳቸው በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ «የጤና ስታቲስቲክስ» ወይም «የግብርና ስታቲስቲክስ» ስንል የምናወራው ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ተሰብስበው ስለተደራጁት ቁጥሮች ነው። በጽሑፍ ሁለቱን ለመለየት የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን «አኃዛዊ መረጃ» ወይም «ስታቲስቲካዊ መረጃ» ቢለው ከማደናገር ይድናል።

ሆኖም ቁጥር ሁሉ ስታቲስቲክስ አይደለም። አንድ ተማሪ በሂሳብ ፈተና ከመቶ 72 ማግኘቱ ስለ እርሱ ብቻ የሚናገር ቁጥር ነው። የክፍሉ ተማሪዎች ነጥብ ሁሉ ተሰብስቦ አማካዩ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ውጤት፣ እንዲሁም ያለፉት ተማሪዎች በመቶኛ ሲወጣ ግን ቁጥሩ ስለ አንድ ልጅ መናገሩን ትቶ ስለ ክፍሉ መናገር ይጀምራል፤ ስታቲስቲክስ የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። በእግር ኳሱም ሁለት ለአንድ ማለት የጨዋታው ውጤት ሲሆን፣ ቡድኖቹ ኳስን የተቆጣጠሩበት ድርሻ፣ ወደ ግብ የሞከሯቸው ኳሶችና የፈጸሟቸው ጥፋቶች በድምር ሲቀርቡ የጨዋታው ስታቲስቲክስ ቢባሉ ተማሪው አልተሳሳተም።

በሙያው ውስጥ ደግሞ ከእነዚህ ጠበብ ያለ ትርጉም አለ። በነጠላ «ስታቲስቲክ» ሲባል ከናሙና ተሰልቶ የተገኘ አንድ አኃዝ ማለት ነው። በደሴ የሚኖሩትን ቤተሰቦች ሁሉ ሳይሆን ከመካከላቸው በዕጣ የወጡ 400 ቤተሰቦችን ጠይቀን በወር የሚጠቀሙትን ውሃ አማካይ ብናሰላ፣ ያ አማካይ ስታቲስቲክ ይባላል። ሁሉም ቤተሰብ ቢጠየቅ ይገኝ የነበረው፣ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልናውቀው የማንችለው እውነተኛ አማካይ ደግሞ ፓራሜትር ይባላል። ቃሉን በዚህ ትርጉም በ1922 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ያስገባው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። ጉዳዩ ለባለሙያ ብቻ የሚጠቅም ይመስላል፤ ለጋዜጣ አንባቢ ግን እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከናሙና የተገኘ ቁጥር፣ ዕጣው ለሌሎች 400 ቤተሰቦች ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይል እንደነበር ያስገነዝበዋል።

የቃሉ ምንጭ የመንግሥት ሥራ ነው። በጎቲንገን ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ጎትፍሪድ አኸንቫል በ1749 እ.ኤ.አ. ሲጠቀምበት ስለ መንግሥታት አቋምና ሁኔታ የሚያጠና ትምህርት ማለቱ ነበር፤ ቁጥር በዚያ ትምህርት ውስጥ ዋና ቦታ አልነበረውም። ስኮትላንዳዊው ጆን ሲንክሌር ከጀርመኖች ወስዶ ወደ እንግሊዝኛ ሲያስገባው ግን ሌላ መልክ ሰጠው። ሲንክሌር በ1790 እ.ኤ.አ. ከ900 በላይ ለሚሆኑ የአጥቢያ ቀሳውስት 160 ያህል ጥያቄዎች ልኮ በየአጥቢያው ስላለው ሕዝብ፣ እርሻ፣ ከብት፣ በሽታና የኑሮ ሁኔታ ለዓመታት መልስ ሲሰበስብ ቆየ። ሊያውቅ የፈለገው ሕዝቡ ምን ያህል ደስታ እንዳለውና ኑሮው ወደፊት በምን መንገድ ሊሻሻል እንደሚችል እንደነበር ራሱ ጽፏል። ይህን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል፤ ቁጥሩ የሚሰበሰበው ለሰው ኑሮ ሲባል መሆኑ ከመነሻው የታወቀ ነበርና።

በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ከሁሉ የሚበዛው አማካይ ነው፤ ብዙ አለመግባባት የሚነሳውም ከእርሱ ነው። አምስት ገበሬዎች አሉ እንበል፤ አራቱ እያንዳንዳቸው ሁለት ጥማድ መሬት ሲኖራቸው አምስተኛው አሥራ ሁለት ጥማድ አለው። ሲደመር ሃያ፣ ለአምስት ሲካፈል አራት ይሆናል። «ገበሬዎቹ በአማካይ አራት ጥማድ አላቸው» ማለት በስሌቱ ትክክል ነው፤ ከአምስቱ አንዱም ግን አራት ጥማድ የለውም፣ አራቱም የአማካዩን ግማሽ ብቻ ይዘዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ይዞታዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሃል ላይ የሚውለውን፣ ማለትም ሁለት ጥማድን መናገር ለእውነታው ይቀርባል። ባለሙያዎች ይህን መሃከለኛ ቁጥር ሚዲያን ይሉታል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአገር ደረጃ በአማካይ 4.6 መሆናቸውን አስፍሯል። ስድስት አሥረኛ ልጅ ያላት እናት የለችም እያሉ በቁጥሩ የሚስቁ አሉ፤ ይህ አማካይ ስለ ስብስብ እንጂ ስለ አንዲት እናት እንደማይናገር መርሳት ነው። በቁም ነገር ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ በዚያው ጥናት የአዲስ አበባው 1.8፣ የአማራ ክልሉ 3.7፣ የሶማሌ ክልሉ ደግሞ 7.2 ሆኖ ሳለ 4.6 የሚለው ብቻውን ሲነገር ምን ያህል ልዩነት ይሸፍናል?

ተማሪዋ ያየችው የወረዳ ሪፖርት መቶኛም ስታቲስቲክስ መባል ይችላል፤ የመቶኛው መነሻ እስከተነገረ ድረስ። «የእርከን ሥራው 104 በመቶ ተከናውኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚለካው ሥራው ከዕቅዱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ዕቅዱ ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛው ብቻ ከሆነ፣ ከዕቅድ በላይ ተሠርቶም ተራራው ራቁቱን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቶኛ ሲነገር «ከምኑ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ተማሪዎችዎ ከክፍል ይዘው ቢወጡ ከማንኛውም ትርጓሜ የበለጠ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ «የተሁለደሬ ወረዳ ገበሬ ነኝ፤ ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል፣ ደብዳቤውንም የጻፈልኝ ልጄ ነው። ባለፈው መኸር ‹ከስታቲስቲክስ ነው የመጣነው› ያሉ ወጣቶች ወደ ቀበሌያችን መጥተው የጎረቤቴን የጤፍ ማሳ በሜትር ለክተው ጥቂቱን አጨዱና መዘኑ። የእኔን ማሳ ግን ዞር ብለውም አላዩት። ጎረቤቴ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ ሰግቷል። እኔ ደግሞ የእኔ ሳይለካ የአገሩ ምርት ይህን ያህል ኩንታል ነው ማለት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም።»

መልስ፦ የተከበሩ አባታችን፣ ጥያቄዎ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የሚጠይቁት ነው፤ መልሱም ከራስዎ ገበያ አይርቅም። በሰኞው የባቲ ገበያ አንድ እህል ገዥ ጆንያ ሙሉ ማሽላ ሲቀርብለት ዘርግፎ ፍሬ በፍሬ አይመረምርም። እጁን እስከ መሃል ድረስ ይከታል፣ ወይም በሹል ብረት ከጎንም ከሥርም ወግቶ ጥቂት ያወጣል፣ በመዳፉ ላይ ይበትነውና ይወስናል። ከላይ ብቻ ዘግኖ የሚገዛ ሞኝ ነጋዴ የለም፤ ሻጩ ያማረውን ከላይ ሊያደርገው እንደሚችል ያውቃልና። የናሙና ጥናትም መሠረቱ ይኸው ነው፦ ጥቂቱ ስለ ብዙው የሚመሰክረው ከየትኛውም ቦታ የመውጣት ዕድል ኖሮት ሲወጣ ነው።

ወደ ቀበሌዎ የመጡት ወጣቶች ሥራም እንዲህ ነው የሚሄደው። በመጀመሪያ አገሩ የቆጠራ ቦታ በሚባሉ ትንንሽ ክልሎች ይከፋፈላል፤ ከእነዚህም የተወሰኑት በዕጣ ይመረጣሉ። በተመረጠው የቆጠራ ቦታ የሚኖሩት አባወራዎችና እማወራዎች በሙሉ ይመዘገቡና ከዝርዝሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 20 አራሽ ቤተሰቦች ይወጣሉ። የእነዚህ ቤተሰቦች ማሳ ስፋት ይለካል። ከዚያም ለየሰብሉ ከተመረጡት ማሳዎች ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ቦታ በገመድና በችካል ይከለላል፤ በዚያ ውስጥ ያለው ሰብል ብቻ ታጭዶና ተወቅቶ ይመዘናል። ቦታው የሚወሰነው ባለቤቱ ወይም መዝጋቢው «ይኸኛው ያምራል» ብሎ በመረጠው ሳይሆን አስቀድሞ በወጣ የዕጣ ቁጥር ነው። አራት በአራት ማለት 16 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር ደግሞ 10,000 ካሬ ሜትር በመሆኑ ከዚያች ቁራሽ ላይ የተገኘው ክብደት በ625 ሲባዛ የሄክታሩ ምርት ይገመታል። ከተከለለው ቦታ 2.4 ኪሎ ግራም ጤፍ ቢወጣ በሄክታር 1,500 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 15 ኩንታል ይሆናል። ከአንድ ማሳ ብቻ እንዲህ ቢባል ስህተቱ ብዙ በሆነ ነበር፤ ከብዙ ቀበሌዎች የተገኙት ሲደመሩና ሲመዘኑ ግን የአንዱ ማሳ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እያካካሰው ግምቱ ይረጋጋል።

እርስዎ አልተመረጡም ማለት ማሳዎ ተንቋል ማለት አይደለም። ዕጣው ለእርስዎ ሊደርስ ይችል እንደነበረ ሁሉ ለጎረቤትዎ ደረሰ። ችግር የሚሆነው መዝጋቢው ዕጣውን ትቶ፣ ዳገቱን መውጣት ሰልችቶት፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ያሉትን ማሳዎች ብቻ ለክቶ ቢመለስ ነው። ወሎ ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚገኙበት፣ አንዱ በበልግ ሌላው በመኸር የሚያመርትበት አገር ስለሆነ የመንገድ ዳር ማሳ የገደል ጫፉን ማሳ ሊወክለው አይችልም። እንዲህ ያለውን ጉድለት ብዛት አያስተካክለውም፤ ሺህ የመንገድ ዳር ማሳዎች ቢለኩም የሚነግሩን ስለ መንገድ ዳር ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ጥናት ውጤቱን የሚያወጣው በዞን ደረጃ ነው እንጂ በወረዳ ደረጃ አይደለም፤ ለአንድ ወረዳ የሚወጡት ናሙናዎች ቁጥር ያን ያህል አያስተማምንምና። በወረዳዎ ስብሰባ ላይ የሚሰሙት የኩንታል ብዛት አብዛኛውን ጊዜ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ከቀበሌ ልማት ሠራተኞች እየሰበሰበ የሚያጠናቅረው ሌላ ቁጥር ነው። ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ቢያገኟቸው አንዱ ውሸት ነው ብለው ከመፍረድዎ በፊት የተሰበሰቡበት መንገድ የተለያየ መሆኑን ያስቡ። ለጎረቤትዎም ይህን ይንገሯቸው፦ ለስታቲስቲክስ ሥራ የተሰጠ የአንድ ቤተሰብ መረጃ በሕግ ምስጢር ነው፣ ለግብር ማስከፈያም ሊውል አይገባም። ሰው በፍርሃት አሳንሶ ከተናገረ የተሳሳተው ቁጥር ተመልሶ የሚጎዳው ራሱን ገበሬውን ነው፤ የማዳበሪያው ዕቅድም የዕርዳታ እህሉም የሚቆረጠው በዚያው ቁጥር ነውና።

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። የዋጋ ግሽበት ቀነሰ ብለው በሬዲዮ ሲናገሩ እሰማለሁ። ጤፉም ዘይቱም በርበሬውም ግን አንድም ቀን ሲቀንስ አላየሁም። ይህ ቁጥር ከየት የመጣ ነው?»

መልስ፦ እህታችን፣ ምሬትዎ እውነተኛ ነው፤ የሬዲዮው ዜናም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ግሽበት የሚለካው ዋጋው ራሱ ሳይሆን ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። አምና በዚህ ወር 100 ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 130 ብር ቢሆን ጭማሪው 30 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 143 ብር ቢገባ ጭማሪው 10 በመቶ ብቻ ይሆናል። «ግሽበት ከ30 ወደ 10 በመቶ ወረደ» ይባላል፤ ከእርስዎ ኪስ ግን 13 ብር ተጨማሪ ወጥቷል። ዋጋ ወረደ የሚባለው 130 የነበረው ወደ 125 ሲመለስ ነው፤ ይህ ደግሞ በአጠቃላይ ዋጋ ደረጃ ብዙም የሚታይ ነገር አይደለም። ዜና አንባቢዎቻችን «ግሽበት ቀነሰ» ከማለት «ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ» ቢሉ ብዙ ቅሬታ ይቀር ነበር። ከ30 ወደ 10 መውረዱን ደግሞ «በ20 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ማንበብ ስህተት ነው፤ የቀነሰው በ20 የመቶኛ ነጥብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስሌቱ የእርስዎን ዘንቢል ብቻ የማይመለከት መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በቀድሞ ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ከገበያዎች በየወሩ ዋጋ ይሰበስባል። ምግብ በስሌቱ ውስጥ ከግማሽ በላይ ድርሻ ቢኖረውም የቤት ኪራይ፣ ልብስ፣ መጓጓዣና ሌላውም ይገባበታል። ወጪዎ በሙሉ ማለት ይቻላል ጤፍ፣ ዘይትና በርበሬ ከሆነ፣ እነዚህ ሦስቱ ከሌላው በፈጠኑ ጊዜ የእርስዎ ግሽበት ከአገሩ ግሽበት ይበልጣል። ስለዚህ ለምግብ ነክና ምግብ ነክ ላልሆኑ ዕቃዎች ለየብቻ የሚወጣውን አኃዝ ቢከታተሉ ለሥራዎ ይቀርባል።

ጥያቄ፦ «በወልድያ የምኖር የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። አያቴ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ባሏንና ሁለት ልጆቿን አጥታ ኮረም መጠለያ ደርሳ የተረፈች ናት። ስለዚያ ዘመን ሳነብ አንዱ 400 ሺህ ሰው ሞተ ይላል፣ ሌላው አንድ ሚሊዮን ይላል። እንዲህ የተራራቀ ቁጥር እንዴት ስታቲስቲክስ ይባላል? የአያቴ ቤተሰቦችስ በየትኛው ውስጥ ተቆጥረዋል?»

መልስ፦ ውድ ተማሪ፣ በቅድሚያ ለአያትህ አክብሮታችንን አድርስልን። ለጥያቄህ እውነተኛው መልስ የአያትህን ባልና ልጆች በስም የቆጠራቸው ማንም አልነበረም የሚል ነው። ሁለቱም አኃዞች ግምቶች ናቸው። በመጠለያዎቹ በየቀኑ የሞቱት በከፊል ቢመዘገቡም በየመንገዱ፣ በየጎጆውና በየገደሉ ሥር የቀሩት አልተመዘገቡም። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ልደትና ሞት በየቀበሌው የሚመዘገብበት ሥርዓት አልነበረም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ገማቾቹ ስለዚህ የተረፉትን ጠይቀው፣ በጥቂት ቦታ የተገኘውን የሞት መጠን በአካባቢው ሕዝብ ቁጥር አባዝተው፣ በአዘቦቱ ዘመንም ይሞት የነበረውን ቀንሰው ነው ወደ አንድ አኃዝ የደረሱት። ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛውም ላይ ትንሽ የተለየ ግምት የወሰደ ሰው መጨረሻው ላይ በመቶ ሺህዎች ይለያያል።

የሕዝቡ ቁጥር ራሱም አስቸጋሪ ነበር። የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ረሀቡ እየበረታ በሄደበት በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪዎች ሊደርሱባቸው ያልቻሉ የትግራይና የኤርትራ አካባቢዎች በግምት ነው የተሞሉት። ወሎ ራሱ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ከላስታና ከዋግ አንሥቶ እስከ አውሳ በረሃ ይደርስ ነበር። አንድ ሰው የያኔውን የወሎ ክፍለ ሀገር ሕዝብ ከኋለኛው የደቡብ ወሎ ዞን ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ሕዝቡ የመነመነ ይመስለዋል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ደቡብ ወሎ 2.5 ሚሊዮን፣ ሰሜን ወሎ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበራቸው ለየብቻቸው ሆነው ነው። ሁለት ቁጥሮችን ከማነጻጸር በፊት ወሰናቸው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው።

የ1965 እና 66ቱ የወሎ ረሀብ ከዚህም የሚብስ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ያልተቆጠረ ብቻ ሳይሆን እንዳይነገርም የተደረገ ነበር። እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የወሎን ረሀብተኞች ለዓለም እስኪያሳይ ድረስ ባለሥልጣናቱ ጉዳዩን ሸፋፍነውት ቆይተዋል። የዚያ ረሀብ ሟቾች ግምትም ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይዘልቃል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ነገር ዛሬም ያሳስበኛል፦ በዚያ ዓመት የመላ ኢትዮጵያ የምግብ ምርት ከወትሮው ብዙም አልቀነሰም፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እንደሚጠበቀው አልናረም፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። ምርቱ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ገበያው ውስጥ ጩኸቱ አልተሰማም። የአገሩን ድምርና የገበያውን ዋጋ ብቻ የተመለከተ ሹም ረሀብ የለም ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር። አማካይና ድምር ከሥራቸው ሰው ሲደብቁ ይህን ያህል ርቀው ሊሄዱ ይችላሉ።

የተራራቀ ግምት ግን ስታቲስቲክስ መሆኑ አይቀርም፤ ርቀቱ ከተነገረ። ከላይ የጠቀስኩት የ2008ቱ የጤና ጥናት የእናቶችን ሞት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 ብሎ ሲያወጣ፣ እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው ውስጥ ሊሆን እንደሚችልም አብሮ አስፍሯል። በዜና ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው 412ን ብቻ ነው። ለእኔ የሚታመነው ወሰኑን የሚናገረው ነው፤ «በትክክል ይህን ያህል ሺህ ሞተዋል» ብሎ ማንም ያልቆጠረውን ሕዝብ በአንድ ቁጥር የሚዘጋ ጸሐፊ ሲያጋጥምህ ከየት እንዳመጣው ጠይቅ። ስለዚህ የትኛውን ልመን ብትል፣ ስለዚያ ረሀብ ስትጽፍ «ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል» ብለህ ሁለቱንም ዳር ጻፍ።

አያትህ በሕይወት እስካሉ ድረስ ደግሞ አንድ ሥራ አለልህ። የሟቾቹን ስም፣ ዕድሜያቸውን፣ የነበሩበትን መንደር፣ ከቤት የወጡበትንና የሞቱበትን ወር፣ በዚያች መንደር ስንት ጭስ እንደነበረና ስንቱ እንደጠፋ ጠይቀህ መዝግብ። ወሩን ባያስታውሱት «ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ?»፣ «ረመዳን ገብቶ ነበር?» ብለህ አስታውሳቸው፤ ጠያቂ ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጓደኞችህም ከየአያቶቻቸው እንዲሁ ቢመዘግቡ፣ የአንድ ቤት ታሪክ የነበረው ስለ አንድ ቀበሌ የሚናገር መረጃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «የመመረቂያ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ ነው። የደሴ ሕዝብ ስንት ነው? አንዱ ሰነድ 120 ሺህ፣ ሌላው 151 ሺህ፣ ሌላው ከዚህ በጣም የሚበልጥ ቁጥር ይላል።»

መልስ፦ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ከአንድ ቆጠራ የወጡ ናቸው። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደውና የአገሪቱን ሕዝብ 73.8 ሚሊዮን ገደማ ባደረገው ሦስተኛው ቆጠራ፣ የደሴ ከተማ አስተዳደር በሥሩ ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ጨምሮ 151 ሺህ፣ የከተማው ነዋሪ ብቻ ሲወሰድ ደግሞ 120 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ይካሄዳል የተባለው አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. እና በ2011 ዓ.ም. ተላልፏል። ስለዚህ ከእነዚህ የሚበልጡት አኃዞች ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥተው በልደት፣ በሞትና በፍልሰት ግምት የተሰሉ ትንበያዎች እንጂ የተቆጠሩ አይደሉም፤ የከተማው ወሰንም በመሃሉ ሰፍቶ ከሆነ ቁጥሩ በዚያም ይለወጣል። በጽሑፍሽ ላይ ከአኃዙ ጎን ዓመቱን፣ የገጠር ቀበሌዎችን ማካተት አለማካተቱን፣ ያወጣውን መሥሪያ ቤትና «በትንበያ» የሚለውን ቃል ጻፊ።